ደማችንን ስትወስዱ ውጤቱንም ንገሩን፦ ስለ ገዳይ ሴሎች ለምሥራቅ የጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለሐረሪ ሕዝብ ክልል ጤና ቢሮ
ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ሐረር

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነጭ የደም ሴል ነው። የተፈጥሮ ገዳይ ሴል ይባላል። ኤችአይቪን ከሰውነት ነቅሎ ለማውጣት በሚደረገው ምርምር ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ይነሳል። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ድሬዳዋ ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት በሚሰጥበት በአንድ የኤአርቲ ክፍል አድሄረንስ ሰፖርተር ሆኜ እሠራለሁ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ። ሥራዬ እንደኔ ያሉ ሰዎች ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡ ማገዝ ነው። የዚህ ሴል ወሬ ደግሞ ተራ እስከምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ድረስ ደርሷል። የደረሰው በእናንተ በኩል አይደለም። በስልክ ነው።

አንድ ቀን ታይዋን ገበያ የምትነግድ ደንበኛችን መድኃኒት ልትወስድ መጣች። ቦርሳዋን ስትከፍት የቫይታሚን ብልቃጥ አየሁ። ኪኒኗን ገልብጣ የያዘችው በእሱ ነው። ክዳኑ ሥር ጥጥ ጠቅጥቃለች፤ ባጃጅ ውስጥ ሲንኳኳ ሰው እንዳይሰማ። ይህን ብዙዎቻችን እናደርጋለን። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዱ ክብ ነገር ሌላውን ክብ ነገር ሲያፈነዳ ይታያል። «የገዛ ራስህ ገዳይ ሴሎች ኤችአይቪን ጠራርገው ያጠፋሉ» ይላል ድምፁ። ትንሽ ቆይቶ ሴሎቹን ያነቃል የተባለ ዱቄት ብቅ ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

«አቦ እህቴ» አለችኝ፣ «ይሄ እውነት ከሆነ እኔን ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ኪኒን አስዋጠኝ? ውሸት ከሆነስ ሐኪሞቹ ለምን ውሸት ነው አይሉንም?»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው። ቪዲዮው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለማ! ሴሉ አለ። ይገድላል። ምርምሩም የእውነት ነው። ውሸቱ ዱቄቱ ነው። እውነትና ውሸት እንዲህ ተጣብቀው ሲመጡ «ተዪው፣ ውሸት ነው» ብሎ መሸኘት አያዋጣም። እውነቱን ነገ ከሌላ ሰው ስትሰማ እኔንም አታምነኝም፤ ኪኒኑንም አታምነውም።

እናንተ ሴሉን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ግን እኛ ወንበር ላይ ምን ዓይነት ማብራሪያ እንደሚያስፈልግ እንድታዩልኝ፣ ለእሷ የነገርኳትን እንዳለ ልጻፈው።

ገዳይ ሴሎች ከታወቁ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 አካባቢ በስዊድንና በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው ለይተው ያወጧቸው። ሊምፎሳይት ከሚባሉት የደም ሴሎች ከ5 እስከ 15 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ጠላትን አይተው፣ ለይተው፣ ተባዝተው እስኪነሱ ቀናት ይፈጅባቸዋል። ገዳይ ሴል ግን ያንን ሁሉ አይጠብቅም። ያላየውንም ጠላት ወዲያው መምታት ይችላል።

ታዲያ ጤነኛውን ሴል ከተያዘው በምን ይለየዋል? ከድሬዳዋ በአውቶቡስ የወጣ ሰው ኬላ ያውቃል። ፈታሹ ገብቶ መታወቂያ ይላል። ያሳየ ያልፋል፣ ያላሳየ ይወርዳል። ጤነኛ ሴሎቻችንም ኤችኤልኤ የሚባል መታወቂያ ላያቸው ላይ አለ። ገዳይ ሴሉ መታወቂያውን ካየ ያልፋል። መታወቂያ ከጠፋ፣ በተለይ ሴሉ ላይ የጭንቀት ምልክት ከታየ፣ አይምርም። ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ይበሳዋል፤ በቀዳዳው ግራንዛይም የሚባል ኢንዛይም ይሰድበታል። ሴሉ ይሞታል።

ያው መታወቂያ ለቲ ሴሎችም ያገለግላል። እነሱ መታወቂያው ላይ የቫይረስ ቁራጭ ተለጥፎ ካዩ ነው የሚገድሉት። እንግዲህ ኤችአይቪ የገባበት ሴል ሁለት ፈታሽ አለበት። መታወቂያውን ካሳየ ቲ ሴል ይይዘዋል። ከደበቀ ገዳይ ሴል ይይዘዋል። ቫይረሱ ለዚህም መላ አለው። ኔፍ በሚባለው ፕሮቲኑ ኤ እና ቢ የተባሉትን መታወቂያዎች ከሴሉ ላይ ያወርዳቸዋል፤ ቲ ሴሎች በዋናነት የሚያነቡት እነሱን ነው። ሲ እና ኢ የተባሉትን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋቸዋል። ገዳይ ሴሉን «ሰላም ነው፣ እለፍ» የሚሉት እነሱ ናቸውና። 9 ጂን ብቻ ያለው ቫይረስ ነው ይህን የሚያደርገው። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ነው የፈላው።

ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ኬአይአር3ዲኤስ1 የተባለውን የገዳይ ሴል ጂን ከተወሰነ የኤችኤልኤ ቢ ዓይነት ጋር የወረሱ ሰዎች ወደ ኤድስ የሚሄዱት ቀስ ብለው መሆኑን አሳየ። በዓመቱ ደግሞ ከቬትናም ሌላ ጥናት ወጣ። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ እየወሰዱ ለዓመታት ለቫይረሱ የተጋለጡ፣ ግን ያልተያዙ ሰዎች ገዳይ ሴሎቻቸው በጣም ንቁ ሆነው ተገኙ። እኛ ክፍል በየጊዜው የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ባሌ አለበት፣ እኔ የለብኝም፤ እንዴት ሆኖ ነው?» ይላሉ። ዛሬ ዋናው መልስ ኪኒኑ ነው። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ኪኒን ባልነበረበት ዘመን ተጋልጠው ሳይያዙ የቀሩ ሰዎች ጉዳይ ላይ ግን የገዳይ ሴሎች እጅ ሳይኖርበት አይቀርም።

እኔ ከሁሉም የወደድኩት የጦጣውን ጥናት ነው። የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ የሚባሉት ዝርያዎች ኤስአይቪ የሚባል የኤችአይቪ ዘመድ በደማቸው ይዘው ይኖራሉ። አይታመሙም። ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ዙሪያው ነጭ የሆነው የእኛ አገር ጦጣዎችም የዚያው ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የምስጢሩን አንድ ክፍል አገኙ። ቫይረሱ በሰው ላይ ከሚደበቅባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ያለው ፎሊክል የሚባል ክፍል ነው። የእኛ ገዳይ ሴሎች እዚያ እንደልብ አይገቡም። የጦጣዎቹ ግን ይገባሉ። ገዳይ ሴሎቻቸው እንዲቀንሱ ሲደረግ ቫይረሱ እዚያው ፎሊክል ውስጥ ተባዛ። ስለዚህ የሴሉ ኃይለኛ መሆን ብቻ አይበቃም። መደበቂያው ድረስ መግባት መቻል አለበት።

የኪኒናችን ጣጣም ያለው መደበቂያው ላይ ነው። ኪኒኑ ቫይረሱን እንዳይባዛ ያደርጋል። በተኛ ሴል ዘረመል ውስጥ ተሰክቶ የተቀመጠውን ግን አይነካውም። መድኃኒት ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ የሚነሳበት ለዚህ ነው። ተመራማሪዎች የያዙት አንዱ መንገድ የተኛውን ሴል መቀስቀስ፣ ከዚያ መግደል ነው። ለመግደሉ ነው እንግዲህ ገዳይ ሴሎች የሚፈለጉት። እ.ኤ.አ. በ2022 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት የሰው የመከላከያ ሴሎች እንዲኖሯቸው የተደረጉና ቫይረሱ ያለባቸው አይጦች ላይ ይህን ሞከረ። ኤስዩደብሊው133 የተባለ ቀስቃሽ መድኃኒት ከጤነኛ ሰው ገዳይ ሴሎች ጋር ተሰጣቸው። ከዚያ የኤችአይቪ መድኃኒታቸው ቆመ። ከአይጦቹ 40 በመቶው ላይ ቫይረሱ ሳይመለስ ቀረ።

አይጥ ነው። 60 በመቶው ላይ ተመልሷል። ደንበኛዬን ይህን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

በቪዲዮው ለተነገራት ወሬ ከሁሉ የተሻለው መልስ የቱ እንደሆነም ነገርኳት። ያልታከመ ኤችአይቪ ገዳይ ሴሎችን ራሳቸውን ያበላሻል፤ ሥራቸውን ያዳክማል። ኪኒኑ ቫይረሱን ሲያስተኛው ገዳይ ሴሎቹም ሙሉ በሙሉ ባይሆን በከፊል ያገግማሉ። ሴሎቿን የሚጠቅም ነገር ከፈለገች ብልቃጧ ውስጥ አለላት። ዱቄቱ ሲገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ቢያጣ ምን ነበረበት! ኪኒኑን ነው የሚያቆመው። ከወራት በኋላ ክብደት ቀንሶ፣ አንዳንዱም ቲቢ ይዞት ተመልሶ ይመጣል። የማይመለስም አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በዚህ ምርምር ውስጥ የእኛ ደም የት አለ? ይህን የምጠይቀው ለክብር አይደለም። የፈውስ ምርምር ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ የኖረው በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በወንዶች ላይ፣ ቢ በሚባለው የቫይረሱ ዝርያ ነው። በኢትዮጵያ የተስፋፋው ሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ የተሰማውን ጥናት በጉጉት የተከታተልኩት ለዚህ ነው። ቫይረሱ እንደያዛቸው ብዙም ሳይቆዩ መድኃኒት የጀመሩ 20 ሴቶች ነበሩ። ቫይረሱም ሲ ነው። አንቲቦዲዎች፣ ማለትም ቫይረሱን ለይተው የሚጣበቁበት የመከላከያ ፕሮቲኖች፣ እና መከላከያን የሚያነቃ መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ በጥብቅ ክትትል ኪኒናቸውን አቆሙ። አብዛኞቹ ተመልሰው መጀመር ነበረባቸው። 4ቱ ግን ጥናቱ ካለቀ በኋላም ያለ ኪኒን ቆዩ። አንቲቦዲ ደግሞ የገዳይ ሴል ወዳጅ ነው። የተያዘው ሴል ላይ ሲለጠፍ፣ ገዳይ ሴሉ ሲዲ16 በሚባለው መያዣው አንቲቦዲውን ጨብጦ ይመታል። ደርባን የቻለችው ሰው ስላላት ብቻ አይደለም። ሴቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚከታተል፣ የሚያስረዳ፣ ውጤታቸውን የሚነግር ቡድን እዚያው ስለነበረ ነው።

እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ያገኘው ነገር ዛሬም ያስገርመኛል። ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲፎር፣ ማለትም ኤችአይቪ በዋናነት የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች፣ ቁጥራቸው ከኔዘርላንዶቹ ዝቅ ያለ ነው። መከላከያቸውም ሁሌ እንደተቀሰቀሰ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የእኛ አይደለም ማለት ነው። ሲዲፎራችን ከተለየ፣ ገዳይ ሴላችን ከሌላው ጋር አንድ ነው ብሎ መነሳት ምን ያህል ያስኬዳል?

ድሬዳዋ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጌ ገባ። በ2019 ቺኩንጉንያ መጥቶ ከተማውን በሙሉ አልጋ ላይ ጣለ፤ መገጣጠሚያውን ይዞ ያላነከሰ ሰው አልነበረም። በ2022 ወባው በአኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ ከተማ በምትወደው ትንኝ፣ ተባባሰ። ቲቢው አለ። የአንጀት ትሉ አለ። ገዳይ ሴሎቻችን ይህን ሁሉ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ይህ ያበርታቸው ያድክማቸው፣ ከኤችአይቪ ጋር ሲደመር ምን ያድርጋቸው፣ መጠናት ያለበት እዚህ ነው። ገዳይ ሴል ደግሞ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ሲቀልጥ አቅሙ ይቀንሳል፤ ትኩስ ደም፣ በሰዓታት ውስጥ የሚሠራ ቅርብ ላብራቶሪ ይፈልጋል። በድሬ ሙቀት ደም ጭኖ አዲስ አበባ መላክ ብዙም አያስተማምንም። ሐረር ግን 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

መሣሪያ የለም እንዳትሉኝ። ገዳይ ሴል የሚቆጠረው ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን እያሳለፈ በሚለይ ፍሎ ሳይቶሜትሪ በሚባል ማሽን ነው፤ ሲዲ3፣ ሲዲ16 እና ሲዲ56 የሚባሉ ምልክቶችን በማየት። ድሮ ሲዲፎራችን ይቆጠርባቸው ከነበሩት ማሽኖች አንዳንዶቹ ይህንንም መሥራት የሚችሉ ዓይነት ናቸው። ክትትሉ ወደ ቫይራል ሎድ ከዞረ ወዲህ ሥራ የቀነሰባቸው ማሽኖች አሉ። የቱ ማሽን የት እንዳለ፣ ሬጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ቢገኝለት ምን መሥራት እንደሚችል በመቁጠር መጀመር ይቻላል። ለማስተርስ ተማሪዎቻችሁም ጥሩ ርዕስ ይመስለኛል። ከአምስተኛው «ኪኒን የማቋረጥ ምክንያቶች» መጠይቅ በእርግጥ ይሻላል።

መጠይቅ ካልኩ አይቀር፣ ያዘልኩትን ላውርደው። እኛ ደንበኞች ተጠይቀን አናውቅም ማለት አልችልም። ተጠይቀናል። ወረቀት ይዘው የመጡ ስንት ወጣቶች አሉ። ስንቴ ግብረ ሥጋ እንደፈጸምን፣ ለማን እንደነገርን፣ ለምን ቀን እንዳሳለፍን ነግረናቸዋል። ደምም ሰጥተናል። ፈርሙ ሲሉን ፈርመናል። ከእነዚያ ሁሉ አንድም ሰው ተመልሶ «ይኸው ይህን አገኘን» ብሎ ሲነግረን አላየሁም። አንዲት እናት «ደሜን የወሰደው ልጅ ተመረቀ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በክፋት አይደለም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ገዳይ ሴልን የሚያጠና ሰው ሲመጣ፣ እባካችሁ ከመፈቀዱ በፊት ውጤቱን መቼና በምን ቋንቋ መልሶ እንደሚነግረን ያስፈርሙት። እኛ እንደምንፈርመው። ደሙ ተቀምጦ ለሌላ ጥናት የሚውል ከሆነም ለብቻው እንጠየቅ።

የሕዝብ ማብራሪያው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የበጀቱን ነገር አውቃለሁ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ስንት ባልደረቦቼ በአንድ ደብዳቤ ከሥራ እንደቀሩ አይቻለሁ። «ኪኒኑ ራሱ አሳስቦን ስለ ገዳይ ሴል?» ትሉ ይሆናል። እኔ የምለው ኪኒኑ እንዳይጣል ነው። ወር ላይ አንድ ጊዜ አንድ ሐኪም ወይም የላብራቶሪ ባለሙያ መጥቶ ለግማሽ ሰዓት ያስረዳን። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ፤ ሐረር ላይ በሐረሪም። ጥያቄ ይቀበል። አይጥ ላይ የተሠራውን አይጥ ላይ ነው ይበል። ሰው ላይ የተሞከረውንም እንደዚያው። ሰው «ገና ነው» ሲባል አይከፋውም። የሚከፋው ሲደበቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምርም ሰውን ያሳመነው ፖስተሩ አልነበረም። አልጋ የያዘ ጎረቤቱ ተነስቶ ገበያ ሲወጣ ማየቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አደራ እላለሁ። «ኪኒን አቁሙና እንያችሁ» የሚል ጥናት ወደ ምሥራቅ ከመጣ፣ ቫይራል ሎድን በየሳምንቱ ለክቶ ውጤቱን በቀናት ውስጥ የሚሰጥ ላብራቶሪ ሳይኖር እንዳትቀበሉት። ዛሬ የቫይራል ሎድ ውጤት ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እናንተም ታውቁታላችሁ። ኪኒን ያቆመ ሰው ያን ያህል መጠበቅ አይችልም። የትዳር ጓደኛውም እንደዚያው። ለዚህ ዓይነት ጥናት ፈቃድ ስትሰጡ ከእኛ መካከል ቢያንስ ሁለት ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጥ። አንዷ ሴት ትሁን።

እኔና ባልደረቦቼ ደንበኞች ስለ ገዳይ ሴል፣ ስለ መርፌው፣ ስለ መቅኒ ንቅለ ተከላው የሚጠይቁንን በአንድ ደብተር መጻፍ ጀምረናል። ለሚመጣው ባለሙያ እንሰጠዋለን። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰው ይበዛል፤ ከሙቀቱ በፊት፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ወንበር እኛ እናዘጋጃለን። ለሶማልኛና ለአፋን ኦሮሞ የሚያስተረጉሙ ልጆችም አሉን፤ እነሱም ኪኒን የሚወስዱ ናቸው፣ ነገሩን ከውስጥ ያውቁታል። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ቁረጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከድሬዳዋ፣ የኤአርቲ ክፍል አድሄረንስ ሰፖርተር